ለክራርና ለድምፅ ቀረጻ ቴምፕሌት (ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ባዶ ፕሮጀክት) እንዴት ነው የምታዘጋጁት? ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ቱሉዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በአንዲት መኝታ ክፍል ነው የምቀርጸው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። መስኮቱን በአሮጌ ፍራሽ ዘግቼዋለሁ። ያለኝ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ ሁለት ግብዓት ያለው ሳውንድ ካርድና አንድ ላፕቶፕ ነው። የምሠራው ሪፐር በሚባል የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ነው።

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ድምፃዊት ከቃሊቲ ታክሲ ቀያይራ መጣች። ደረጃውን ስትወጣ ታንጎራጉር ነበር። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ደረሰ፤ የሞቀ፣ የተከፈተ ድምፅ። ገባች፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገችና «በል እንጀምር» አለች።

እኔ ግን አልተዘጋጀሁም። አዲስ ፕሮጀክት ከፈትኩ። ትራክ ጨመርኩ፣ ስም ሰጠሁ፣ ግብዓት መረጥኩ። ሪቨርብ፣ ድምፁን ሰፊ ክፍል ውስጥ እንዳለ የሚያስመስለውን፣ ፈልጌ አስገባሁ። ሄድፎኑ ላይ የራሷ ድምፅ አልሰማ አላት፤ እሱን ሳስተካክል ክሊኩ፣ ምቱን የሚቆጥረው ድምፅ፣ ጠፋ። ክሊኩ ሲመጣ ደግሞ 4/4 ሆኖ መጣ፤ ዘፈኑ ግን ችክችካ ነው፣ 6/8። ሁሉም ተስተካክሎ ቀና ስል ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። የመጀመሪያው ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) ቀዘቀዘብን። ሁለተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ እንደገና መሞቅ ስትጀምር መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

ያ ደረጃው ላይ የሰማሁት ድምፅ ሳይቀረጽ ቀረ። ከልቤ ነው ያዘንኩት።

ቴምፕሌት የምትጠቀሙ ካላችሁ እርዱኝ። ውስጡ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ ትተዋላችሁ? አንድ ትልቅ ይሻላል ወይስ ትንንሽ ብዙ?

ሪፐር ብቻ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:48

አይዞህ ወንድሜ። ሪፐር ላይ ነገሩ ቀላል ነው።

ባዶ ፕሮጀክት ክፈትና ሁልጊዜ የምትሠራቸውን ትራኮች አዘጋጅ። ከዚያ ፋይል ውስጥ ግባ፣ «ፕሮጀክት ቴምፕሌትስ» የሚለውን ምረጥ፣ «ሴቭ ፕሮጀክት አዝ ቴምፕሌት» በል። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ቦታ ስትከፍተው ስም የሌለው አዲስ ፕሮጀክት ሆኖ ይመጣልሃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ስም የሌለው ፕሮጀክት ላይ መቅረጽ አትጀምር። ሴቭ ሳታደርግ ከቀረጽክ ድምፁ አንተ በማታስበው ፎልደር ይገባል። ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ፕሮጀክት የሚለው ገጽ ላይ፣ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ወዲያው ሴቭ እንድታደርግ የሚጠይቅህ ምርጫ አለ። እሱን አብራው። ሴቭ ስታደርግም ለፕሮጀክቱ የራሱ ፎልደር እንዲፈጠር የሚያዝዘው ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ።

እዚያው ገጽ ላይ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማዘዝ ትችላለህ። ይሄ የፕሮግራሙ ቅንብር ስለሆነ ቴምፕሌቱ ውስጥ አይቀመጥም። አንዴ ታበራዋለህ፣ አለቀ። መብራት ለሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

የገላን ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:15

የእኔን ስህተት ልንገራችሁና ማንም አይድገመው።

እኔ «ቴምፕሌት» የምለው የመጨረሻውን ፕሮጀክቴን ነበር። አዲስ ዘፋኝ ሲመጣ የባለፈውን ሰው ፕሮጀክት እከፍታለሁ። «ሴቭ አዝ» ብዬ አዲስ ስም እሰጠዋለሁ። የድሮውን ድምፅ ከመስኮቱ አጠፋለሁ፣ አዲሱን እቀርጻለሁ። ትራኩ ተዘጋጅቷል፣ ሪቨርቡ አለ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ የፕሮጀክቱ ስም ተቀየረ እንጂ ፎልደሩ አልተቀየረም። የአምስት ሰው ዘፈን በአንድ የድምፅ ፎልደር ውስጥ ተጠራቀመ። ዲስኩ ሞላብኝ። እንግዲህ ልጥረግ ብዬ ኩቤዝ በሚባለው መቅረጫ ፕሮግራም ላይ ፑሉን፣ የፕሮጀክቱን የድምፅ ፋይሎች ዝርዝር፣ ከፈትኩና ጥቅም ላይ ያልዋሉ ፋይሎችን አስወገድኩ። ትራሹንም ባዶ አደረግኩ። ያ ፕሮጀክት «ጥቅም ላይ አልዋለም» የሚለው እሱ ራሱ የማይጠቀምበትን ነው። ሌላው ፕሮጀክት ይጠቀምበት እንደሆነ አያይም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ወንድማችን ሚክሱን ሊያስጨርስ መጣ። ፕሮጀክቱን ከፈትኩለት። ትራኮቹ አሉ፣ ስማቸው አለ፣ ውስጣቸው ባዶ። ፕሮግራሙ ፋይሎቹ የት እንዳሉ እንዳሳየው ይጠይቀኛል። የትም የሉም። ልጁ አልተቆጣም። «እናቴ ሳትሞት የዘፈንኩት ነበር» አለኝ፣ በቃ። እንደገና ቀረጽነው። ጥሩ ሆነ፤ ግን ያኛው አይደለም።

ስለዚህ አሮጌ ፕሮጀክት ጠርጎ ቴምፕሌት ማድረግ ይቅርባችሁ። ከባዶ ጀምሩ። አንድ ቀን ከሰዓት ይፈጃል፣ ለዓመታት ታርፋላችሁ። የግድ ከአሮጌ ፕሮጀክት የምትነሡ ከሆነም መጀመሪያ በሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ኩቤዝ ላይ ቴምፕሌት ስታስቀምጡ መስኮቱ ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኮፒው ላይ ክሊፖቹን ከፑሉ ብቻ አውጡ እንጂ ከዲስክ አትሰርዙ። ፕሮ ቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ሴቭ አዝ ቴምፕሌት» ስትሉ ሚዲያ አብሮ ይግባ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ባዶ ተዉት።

ቱሉዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:22

ደነገጥኩ። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ነው የምሠራው። አሁኑኑ ፎልደሮቼን ልፈትሽ።

ባለ ክራር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:05

እንደምን አደራችሁ። የምትሉት ይገባኛል፤ ግን አንድ ስጋት አለኝ፣ ስጋቴም የምር ነው።

እኔ ተጫዋች ነኝ። በየስቱዲዮው እዞራለሁ። የምቀመጥበት ወንበር ይለያያል እንጂ የሚወጣው ድምፅ አንድ እየሆነ ነው። ያው ሪቨርብ፣ ያው ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው)፣ ያው ከበሮ። በኪቦርዱ ዘመን የአንድ ኪቦርድ ሪትም ስንቱ ካሴት ላይ እንደገባ እናስታውሳለን። አሁን ደግሞ ቴምፕሌቱ ያንኑ እንዳያመጣብን እፈራለሁ። ክራሬን ሳልነካ «ክራር» የሚል ትራክ ላይ ኢኪው፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ማስተካከያ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ያ ኢኪው የማንን ክራር ሰምቶ ነው የተዘጋጀው? የእኔ ባለ ስድስት ጅማት ነው፤ የሌላው ባለ አምስት። አንዱ የብረት ክር ያስራል፣ ሌላው ናይሎን።

ሌላም አለ። አንድ ቦታ የድምፅ ማስተካከያው፣ ኦቶ ቲዩን የሚሉት ዓይነት፣ ከቴምፕሌቱ ጋር በርቶ መጣ፤ ስኬሉ ሲ ሜጀር ላይ ተቀምጧል። እኛ የምንሠራው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው። ከሲ ስትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው የምትሄደው። ዲ ፍላቷና ጂ ፍላቷ ሲ ሜጀር ውስጥ የሉም። ማሽኑ ሁለቱንም እየጎተተ ወደ ጎረቤት ድምፅ ይከታቸዋል። ዘፋኟ «ዛሬ ምን ሆኛለሁ?» እያለች ራሷን ስትወቅስ ቆየች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

የድሮ ቴፕ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:30

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ድምፅ መቅረጽ የጀመርኩት በአራት ትራክ ካሴት ነው።

ታስካም በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፖርታስቱዲዮ የተባለውን ባለ አራት ትራክ የካሴት ማሽን አወጣ። ከዓመታት በኋላ አንዱ እጄ ገባ። አራት ትራክ ብቻ! ሦስቱን ትሞላለህ፣ ቀላቅለህ ወደ አራተኛው ትገለብጣለህ፣ ከዚያ ሦስቱ እንደገና ነፃ ይወጣሉ። ሦስቱን አንዴ ከቀላቀልክ መመለስ የለም። ስለዚህ ምኑ የት እንደሚገባ ሰዉ ሳይመጣ ነው የምትወስነው።

ማሽኑ ላይ፣ ከፌደሮቹ (ከድምፅ መጠን ማንሸራተቻዎቹ) ሥር፣ ነጭ ፕላስተር እለጥፍ ነበር። በብዕር «ድምፅ»፣ «ክራር»፣ «ባስ»፣ «ከበሮ» ብዬ እጽፋለሁ። ፕላስተሩን አንስቼ አልጥለውም። ሌላ ሥራ ሲመጣ መልሼ እለጥፈዋለሁ። እያደር ጫፉ ተበላ፣ ብዕሩ ደበዘዘ፤ እጄ ግን ቦታውን ለምዶታል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ብሠራ እንኳ ድምፁ የትኛው ጋ እንዳለ አልፈልግም።

የእናንተ ቴምፕሌት ያ ፕላስተር ነው። ፕላስተሩ ላይ የድምፁ ቦታ ነበር እንጂ የድምፁ ቀለም አልነበረም። ክራሩ ምን ዓይነት ኢኪው እንደሚፈልግ ክራሩ ሲመታ ነው የሚታወቀው። ማይኩን አንድ ስንዝር ብታንቀሳቅሰው እንኳ ይለወጣል።

ስለዚህ ቦታ፣ ስም፣ መስመር፣ የሄድፎን መንገድ፣ እነዚህን አስቀምጡ። ኢኪውና ኮምፕረሰር ከወደዳችሁ ይግቡ፤ ግን ጠፍተው ይቀመጡ። የድምፅ ማስተካከያ በርቶ የሚመጣ ቴምፕሌት ግን እኔ ክፍል አይገባም።

ባለ ክራር
እሑድ፣ ከቀኑ 6:10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠፍተው ይቀመጡ ካሉ እስማማለሁ።

እንደዚያ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክራሩ ትራክ ላይ ቅኝት ማሳያ፣ ቲዩነር ማለቴ ነው፣ ቢቀመጥልን ጥሩ ነበር። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ስንሄድ ክር እንደገና እናስተካክላለን። በእያንዳንዱ ጊዜ ቀራጩ «ቆይ ቲዩነር ልፈልግልህ» ሲል ሙዱ ይጠፋል። ችክችካውንም አደራ። የጥያቄው ባለቤት እንዳለው ክሊኩ 4/4 ሆኖ ሲመጣ እግራችን ይሳሳታል።

ኩቤዝ ከሰበታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:40

የችክችካውን ነገር እኔ ልመልስ። ብዙ የተሠቃየሁበት ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ፣ ለችክችካ የራሱ ቴምፕሌት ይኑራችሁ። ታይም ሲግኔቸሩ (የአንድ ባር የምት ቁጥር) 6/8 ሆኖ የተቀመጠ። ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቴምፖው፣ የዘፈኑ ፍጥነት፣ ያሳስታል። ኩቤዝ ቴምፖን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፤ ሌሎችም ብዙ ፕሮግራሞች እንደዚያው። ችክችካ ስንጨፍር እግራችን የሚመታው ደግሞ ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ነው፤ አንድ ላይና አራት ላይ። በሁለቱ መሃል ሦስት ስምንተኛ ኖታ አለ፣ ማለትም አንድ ሩብ ተኩል። ስለዚህ እግራችሁ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚመታ ከሆነ ፕሮግራሙ ላይ የሚጻፈው 150 ነው። በአንድ ተኩል አባዙት። እኔ 100 ጽፌ «ለምን ተጎተተ?» እያልኩ ስንት ቀን እንደባከንኩ!

ሁለተኛው ክሊኩ ነው። 6/8 ላይ ስድስቱንም እኩል ቲክ ቲክ ቲክ ሲያደርግ ድምፃዊ ግራ ይገባዋል። ኩቤዝ ከ9.5 ጀምሮ የክሊኩን አመታት ራሳችሁ እንድትጽፉ ይፈቅዳል። አንድ ላይ ከባድ፣ አራት ላይ መካከለኛ፣ ሌላውን ዝም አድርጉት።

እኔ ግን ከዚያም አልፌ ክሊኩን በከበሮ ተካሁት። ቴምፕሌቴ ውስጥ «መሪ ከበሮ» የሚል አንድ የሚዲ ትራክ አለ፤ ሚዲ የሚይዘው የኖታ ትእዛዝ እንጂ የተቀረጸ ድምፅ አይደለም። ሳምፕለር (ድምፅ ጭነህ በኖታ የምታስመታው መሣሪያ) ላይ የጫንኩት ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የከበሮው ትልቁ ፊትና ትንሹ ፊት። አራት ባር ጽፌ እንዲደጋገም አድርጌዋለሁ። የተቀረጸ የድምፅ ሉፕ አታስገቡ። ሚዲ ሲሆን ቴምፖውን ስትቀይሩ አብሮ ይሄዳል። የድምፅ ፋይል ከሆነ ግን ወይ ይጎተታል ወይ ይሰበራል፤ ደግሞም ቴምፕሌት ውስጥ የድምፅ ፋይል አይኑር ብለናል። መሪ ከበሮው ወደ ሄድፎን እንጂ ወደ ዋናው ሚክስ እንዳይሄድ አድርጉ። አንዴ ረስቼው ለደንበኛ በላክሁት ዲሞ ላይ ወጥቷል።

ሳምፕል ሬትም አለ፣ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ማለት ነው። ቴምፕሌቱ ላይ ቀድማችሁ ወስኑ። ቪዲዮ ክሊፕ የሚሠራለት ሥራ ከሆነ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። አቀናባሪው በ44.1 የላከላችሁን ቢት (የዘፈኑን አጀብ) ወደ 48 ፕሮጀክት ስታስገቡ ኩቤዝ «ልቀይረው?» ይላል። አዎ በሉ። እምቢ ካላችሁ ይፈጥናል፣ ቅኝቱም ከአንድ ግማሽ ድምፅ በላይ ከፍ ይላል። ዘፋኙ እላይ ሊደርስ ሲታገል ታያላችሁ።

ቦታ ይፈጃል ለምትሉ፣ በ48 እና በ24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ነው። ሃያ አራት ትራክ ለአምስት ደቂቃ ቢቀረጽ አንድ ጊጋባይት አካባቢ። ይቻላል።

ድምፀ በገና
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:55

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ መዝሙር ነው የምሠራው፣ ሱሉልታ። በገና እደረድራለሁ፣ እህቶቼንም እቀርጻለሁ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ሥራ ይደራረብብኛል፤ ቴምፕሌት ባይኖር አልችለውም ነበር።

አንድ ነገር ላይ ላስጠንቅቃችሁ። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቴምፕሌት ድምፅ ትራክ ላይ ኖይዝ ጌት ይኖረዋል። ድምፅ ሲያንስ በሩን ይዘጋል ማለት ነው። ለበገና ይሄ ጥፋት ነው። በገና አሥር አውታር አለው። ያ የሚርገበገበው ድምፁ የሚመጣው ከእንዝራው ነው፣ አውታሩና ብርኩማው መሃል ከምትገባዋ ትንሽ ቆዳ። አውታሩ ከተመታ በኋላ ረጅም ጊዜ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ጸሎቱ ያለው እዚያ እየቀነሰ በሚሄደው ውስጥ ነው። ጌቱ እሱን ይቆርጠዋል። አንዴ ሰባት ደቂቃ የተደረደረ በገና በጌት ውስጥ አልፎ ተቀረጸ። ስሰማው ሰው በመሃል በመሃል ትንፋሽ የሚያጥረው ይመስል ነበር።

ስለዚህ የእኔ የበገና ትራክ ላይ ምንም የለም። ባዶ ነው። ስሙና ቀለሙ ብቻ።

ለመዘምራን ደግሞ ስምንት ትራክ አዘጋጅቼ በአንድ ግሩፕ ሥር አስገብቻቸዋለሁ። ሪቨርቡ በእያንዳንዱ ትራክ ላይ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሁሉም በሴንድ፣ የድምፁን ቅጂ በሚልክ መስመር፣ ይላኩለታል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆሙ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩም አይደክምም። ያው ሪቨርብ ለሄድፎን ያገለግላል። እህቶቼ ሲዘምሩ ይሰሙታል፣ የሚቀረጸው ግን ደረቁ ድምፅ ነው።

አንድ ትንሽ ምክር፦ የትራኩንና የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት። ሥራችሁ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲሄድ የእኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ደርሶብኛል። ግጥሙን ግን በፊደላችን አድርጌ በፕሮጀክቱ ማስታወሻ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የገላን ልጅ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

እህቴ የተናገረችው ወርቅ ነው። የሴንዱን ነገር ሁላችሁም ያዙት።

እኔ ስለ ክብደት ልጨምር። ሰው ቴምፕሌት ሲሠራ ሁሉን ማስገባት ያምረዋል። ስልሳ ትራክ፣ ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ የሚወጣበት ዋና መስመር) ላይ አምስት ፕለጊን (እንደ ኢኪውና ኮምፕረሰር ያለ ተጨማሪ መሣሪያ)። ከዚያ ሲቀረጽ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ጆሮው ዘግይቶ ይመለሳል። ማስተር ላይ የሚገቡ ሊሚተሮች (ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚይዙት) እና አንዳንድ ኢኪውዎች ወደፊት አይተው ስለሚሠሩ መዘግየት ይፈጥራሉ። ለመቅረጫ የሚሆን ቴምፕሌት ማስተሩ ባዶ ይሁን። ለሚክስ የሚሆነውን ለብቻው ሥሩ።

ሌላው በፈር ሳይዝ፣ ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚቀበለው የድምፅ መጠን፣ ነው። 48 ኪሎኸርዝ ላይ በፈሩ 128 ከሆነ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ወደ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። 1024 ከሆነ ከ21 ይበልጣል። 21ን ዘፋኝ ይሰማዋል፤ ለምን እንደከበደው ግን ሊነግራችሁ አይችልም። ዝም ብሎ ወደኋላ ይጎተታል። በፈር የሚቀመጠው ሳውንድ ካርዱ ጋ እንጂ ቴምፕሌቱ ውስጥ አይደለም። ትናንት ሚክስ ስታደርጉ ከፍ አድርጋችሁት ከነበረ ዛሬም ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። እኔ የመጀመሪያው ትራክ ስም ላይ «በፈር 128» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ቴምፕሌቱን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አልፎ አልፎ ብቻ የምትፈልጓቸውን፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ሁለተኛ ከበሮ፣ አጥፍታችሁ አስቀምጧቸው። ኩቤዝ ፕሮ ላይ «ዲሴብል ትራክ»፣ ፕሮ ቱልስ ላይ «ሜክ ኢንአክቲቭ» ነው። ሪፐር ላይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፦ አንድ ትራክ ብቻውን ከነሙሉ ቅንብሩ ትራክ ቴምፕሌት ተደርጎ ይቀመጣል። ዋሽንት ነፊ ሲመጣ ትጠራዋለህ፣ ካልመጣ የለም። አንድ ትልቅ ወይስ ትንንሽ ላልከው መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ትንሽ ቴምፕሌት፣ ከጎኑ የሚጠሩ ትራኮች።

አዲስ ገቢ ከቡራዩ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8:12

ይቅርታ፣ እኔ የምሠራው በፍሩቲ (በኤፍኤል ስቱዲዮ) ነው። እሱ ላይም ይቻላል?

ሪፐር ብቻ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8:40

ይቻላል። ዶክዩመንትስ ውስጥ ኢሜጅ ላይን የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ከዚያ ፕሮጀክትስ፣ ከዚያ ቴምፕሌትስ። በራስህ ስም ፎልደር ፍጠርና ፕሮጀክቱን እዚያ ሴቭ አድርግ። ፋይል ላይ «ኒው ፍሮም ቴምፕሌት» ስትል ይመጣል። ሚክሰሩ ላይ ስም ስጥ፣ ቀለም ስጥ፣ ሪቨርቡን በአንድ መስመር ላይ አድርገው። የቀረው ከላይ እንደተባለው ነው።

ቱሉዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ
የሚቀጥለው እሑድ፣ ከምሽቱ 2:30

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ከባዶ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ትራኮቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፦ መሪ ከበሮ፣ ቢት፣ ዋና ድምፅ ሁለት፣ ተቀባዮች ሦስት፣ ክራር፣ ባስ። ክራሩ ላይ ቲዩነር አለ። አንድ አጭር ሪቨርብ፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ዲሌይ (ማሚቶ)፤ ሁሉም በሴንድ። ማስተሩ ባዶ ነው። ኢኪውና ኮምፕረሰር ዋናው ድምፅ ላይ ብቻ አሉ፣ ጠፍተው። አንዱን በ4/4፣ አንዱን በ6/8 አስቀመጥኩ። ማሲንቆና ዋሽንት ትራክ ቴምፕሌት ሆነው ከጎን ናቸው።

ከዚያ ሞከርኩት። ከፈትኩ፣ የራሴን ድምፅ አሥር ሰከንድ ቀረጽኩ፣ ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ፤ ባዶ ሆኖ መጣ። አንድ ጉድለት አገኘሁበት። ሳውንድ ካርዱን ሳልሰካ ስከፍተው የክራሩ ግብዓት ጠፍቶ ነበር። አሁን መጀመሪያ ካርዱን እሰካለሁ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን እከፍታለሁ። ፋይሉንም እንዳይጻፍበት ቆልፌዋለሁ፤ በቸልታ በላዩ ላይ ሴቭ እንዳላደርግበት።

ዛሬ ያችው ድምፃዊት መጣች። ደውላ «ታክሲ ውስጥ ነኝ» ስትለኝ የ6/8ቱን ከፈትኩ። ስሟንና ቀኑን ሰጥቼ ሴቭ አደረግኩ። ቢቱን አስገባሁ። በፈሩን አየሁ፣ 128 ነው። በሩን ስታንኳኳ ሄድፎኑ ማይኩ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል። ደረጃው ላይ ያንጎራጎረችውን ሳትጨርስ ማይኩ ጋ ደረሰች። እኔም የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫንኩት።

የመጀመሪያውን ቴክ ስንሰማ ሁለታችንም ዝም አልን። መግቢያው ላይ ታች የሚጮህ የታክሲ ረዳት ትንሽ ይሰማል። እሱን አልነካሁትም። ሁለተኛው ቴክ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፕሮጀክቱን ከፈትኩት፤ ከሦስት ደቂቃ በፊት ራሱ ሴቭ ያደረገው አለ። የመጀመሪያው ቴክ እንዳለ ተገኘ።

ስትወጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «መሪ ከበሮው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ባር ባዶ ብታስገባልኝ፣ ትንፋሽ እወስድበታለሁ» አለች። ገና ደረጃውን ሳትወርድ አስገባሁት። ቁልፉን ፈትቼ ቴምፕሌቱ ላይም አስቀመጥኩት።

የድሮ ቴፕ
የሚቀጥለው እሑድ፣ ከምሽቱ 3:05

ተባረክ ልጄ። ያንን የመጀመሪያ ቴክ ዛሬውኑ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው። ነገ አትበል።

ቱሉዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ
የሚቀጥለው እሑድ፣ ከምሽቱ 3:11

እየገለበጥኩት ነው ጋሼ። መብራት አለ።